የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መብት ተሟጋቾች በምሥራቅ አፍሪካ ለምን ፓርቲ አጡ?

በኡጋንዳ በአውሮፓውያኑ 2023 የጸደቀውን፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በብርቱ የሚቀጣውን ሕግ ለፓርላማ ያቀረበው ገዢው ፓርቲ አልነበረም። ረቂቁን ያቀረቡት ጀስቲስ ፎረም የተባለው አነስተኛ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል አሱማን ባሳሊርዋ ናቸው። በአንጻሩ ሕጉን በይፋ ከተቃወሙት ጥቂት እንደራሴዎች አንዱ ፎክስ ኦዶይ የገዢው ፓርቲ ኤንአርኤም አባል ናቸው።

በሌላው ጉዳይ ሁሉ የሚፋለሙት የአካባቢው ፓርቲዎች በዚህ ላይ ልዩነታቸው ይጠብባል። የመብት ተሟጋች ቡድኖችም ጥያቄያቸውን የሚያነሳላቸው ፓርቲ ስለሌለ ፊታቸውን ወደ ፍርድ ቤት አዙረዋል።

ኡጋንዳ፦ ከምዝገባ እስከ ወንጀል

ጉዳዩ በ2009 የኤንአርኤሙ ዴቪድ ባሃቲ ባቀረቡት ረቂቅ ወደ ፓርላማ ገባ። ፕሬዝዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒ በ2014 የፈረሙበትን ሕግ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ከወራት በኋላ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ መጽደቁን ጠቅሶ ሻረው።

በ2004 የተመሠረተው ሴክሹዋል ማይኖሪቲስ ኡጋንዳ የተባለው ቡድን ስሙን ለማስመዝገብ ያቀረበው ጥያቄ ውድቅ ተደርጎበታል። በ2022 ደግሞ ባለሥልጣናት ‘አልተመዘገበም’ በሚል ሥራውን አስቆሙት። የ2023ቱ ሕግ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ‘ማስተዋወቅ’ እስከ 20 ዓመት እስራት እንዲያስቀጣ በመደንገጉ፣ የመብት ቅስቀሳ ራሱ በወንጀል ሊያስጠይቅ የሚችል ሥራ ሆነ። ፍርድ ቤቱ በ2024 ጥቂት አንቀጾችን ቢሽርም አብዛኛውን የሕጉን ክፍል አጽንቷል።

ኬንያ፦ በችሎት የተገኘ ድል

በኬንያ አንድ የመብት ተሟጋች ኮሚሽን ለመመዝገብ ያደረገው ሙግት አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2023 በሦስት ለሁለት ድምፅ ምዝገባውን መከልከል የመደራጀት መብትን ይጥሳል ሲል ወሰነ። ፕሬዝዳንት ዊሊያም ሩቶ ውሳኔውን ተቃወሙ፤ በወቅቱ ተቃዋሚ የነበረው የኦዲኤም ፓርቲ እንደራሴ ፒተር ካሉማ ደግሞ ጥብቅ ቅጣት የሚጥል ረቂቅ አዘጋጁ። ድርጊቱን እስከ 14 ዓመት እስራት የሚያስቀጣው የቅኝ ግዛት ዘመን ድንጋጌ ዛሬም አልተሻረም።

ፓርቲዎች ለምን ይሸሻሉ?

የሃይማኖት ተቋማት በመራጩ ዘንድ ያላቸው ተሰሚነት ከፍተኛ ነው። ቡድኖቹ ከውጭ የሚያገኙት ድጋፍም ‘የምዕራባውያን ተልዕኮ’ ለሚለው ክስ ያጋልጣቸዋል። ስለዚህ ጉዳዩን የሚደግፍ ፖለቲከኛ ድምፅ ያጣል፤ የሚያወግዝ ግን የሚያጣው እምብዛም የለም።

የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ግን የተለየ ነው። በ1980ዎቹ በአገር ክህደት ክስ የታሰረው ሳይመን ንኮሊን የመሰሉ ተሟጋቾች ጥያቄያቸውን ከፀረ አፓርታይድ ትግሉ ጋር አስተሳሰሩ። በኤኤንሲ አመራር ዘመን የጸደቀው የ1996ቱ ሕገ መንግሥትም በጾታዊ ዝንባሌ ምክንያት የሚደረግን አድልዎ በግልጽ ከልክሏል።

በኡጋንዳና በኬንያ እንዲህ ያለ የጋራ ትግል አልነበረም። በችሎት የተገኘ መብት ደግሞ በፓርላማ የሚከላከልለት ወገን ከሌለው፣ በቀጣዩ ረቂቅ ሕግ ዳግም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል።