ጋርባ ጉራቻ

ጋርባ ጉራቻ በኦሮሚያ ክልል፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ትንሽ ሐይቅ ነው። ስሙ በኦሮምኛ «ጥቁር ሐይቅ» ማለት ነው። ርዝመቱ 500 ሜትር፣ ወርዱ 300 ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ 6 ሜትር ገደማ ነው። ገደል ከብቦታል፤ በሰሜን በኩል ብቻ ወደ ቶጎና ሸለቆ ይከፈታል። የሚደረስበት በእግር ወይም በፈረስ ነው።

አፈጣጠር

ከአብዛኞቹ የታወቁ የኢትዮጵያ ሐይቆች ይህን የሚለየው አፈጣጠሩ ነው። የዝቋላ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተጠራቀመ ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መሬት በመሰንጠቁና በመስመጡ የተፈጠሩ ናቸው። ጋርባ ጉራቻን የቦረቦረው ግን በረዶ ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን በባሌ ተራሮች ላይ ወደ 180 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት በግግር በረዶ ተሸፍኖ እንደነበር ይገመታል። ግግሩ ሲቀልጥ የተወው ጎድጓዳ ስፍራ ውኃ ያዘ። የጥንት ትንንሽ ግግሮች አሻራ በሰሜንም፣ ከላሊበላ በላይ በሚገኘው የአቡነ ዮሴፍ የተራራ ሰንሰለት ተገኝቷል።

በሐይቁ ወለል የተከማቸው ደለል 16 ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ የታችኛው ክፍል ዕድሜም ከ16,000 ዓመት በላይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ኡመርና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በደለሉ ውስጥ የቀረውን የአበባ ብናኝ መርምረው፣ ዝናቡ ሲበረታ አስታ ወደ ላይ እንደተስፋፋ፣ ኋላ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ እንደተመለሰ አሳይተዋል።

የእግር ጉዞ

ጉዞው በተለምዶ የሚጀመረው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ካለበት ከዲንሾ ነው። አስጎብኚና ፈረስ የሚገኘውም እዚያው ነው። መንገዱ በሶዶታና በዎርጎና የድንኳን ማረፊያዎች በኩል እያለ ወደ ሐይቁ ይወጣል፤ ከዚያ የሰነቴ አምባና 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይቀጥላሉ። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው የመኪና መንገድ አምባውን ስለሚያቋርጥ ከዚያ በኩልም በእግር መምጣት ይቻላል፤ ሆኖም በአንድ ቀን ከቆላ መጥቶ ወደ 4,000 ሜትር መውጣት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያስከትላል። በዲንሾ (3,100 ሜትር ገደማ) አድሮ ቀስ እያሉ መውጣት ይሻላል። ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፣ ውኃም በኮዳ ውስጥ ይረጋል።

በመንገድ ላይ ጅባራ፣ ግዙፍ ፍልፈልና ቀይ ቀበሮ ይታያሉ። ፍልፈሉ የቀበሮው ዋና ምግብ ነው፤ ለሰውም ምግብ ሆኖ ያውቃል። በዚሁ ተራራ 3,469 ሜትር ላይ ባለው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር በ2019 እ.ኤ.አ. ተገልጿል።

ጥበቃ

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በዓለም ካሉት 500 ያህል ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ነው። ከእረኞች ጋር የሚወጡ ውሾች የሚያመጡት የእብድ ውሻ በሽታ በ1991–92 እና በ2003–04 እ.ኤ.አ. በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። የውሾች ክትባት አሁንም የጥበቃው ዋና ሥራ ነው፤ የከብቱ ግጦሽ ጉዳይ ግን ቤተሰቦች የሚተዳደሩበት በመሆኑ በክትባት የሚፈታ አይደለም።