የብጉር መድኃኒቱ በረታ፣ ተከታታዩ ግን ጠፋ

ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ መንገዶች ዳር ፋርማሲና ኮስሞቲክስ ቤት ጎን ለጎን ናቸው። ፊቷን ብጉር የወረራት ተማሪ ከሁለቱ ወደ አንዱ ጎራ ትላለች። «ለብጉር የሚሆን ክሬም አለ?» አለ። ስንት ወር እንደቆየባት ሳትጠየቅ ቱቦዋን ይዛ ትወጣለች። አያቷ በእሷ ዕድሜ እንዲህ ያለ ዕድል አልነበራትም። ግን ዕድል ነው ወይ?

በአያቶች ዘመን ብጉር የጉርምስና ምልክት እንጂ በሽታ አልነበረም። «ያልፋል»፣ «ስታገባ ይጠፋል» ይባል ነበር። የባሰበት ሬት ይቀባል፣ ፌጦ ይለጥፋል፣ ሎሚ ያሻል፣ ጠበል ይጠመቃል። ምክሩ ለቀላሉ ብጉር ብዙም አይከፋም፤ አብዛኛው በጊዜው ይጠፋልና። ከባዱ ግን ሌላ ነው። ከቆዳ ሥር እየጠጠረ መግል የሚቋጥረው ዓይነት ቢጠፋም ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። «ያልፋል» የሚለው ቃል ሁለቱን አይለይም ነበር።

የሠለጠነው ዓለምም ያኔ ከዚህ ብዙ አልተሻለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአውሮፓና በአሜሪካ ከባድ ብጉር በራጅ ጨረር ይታከም ነበር። ፊቱ ይጠራል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ከታከሙት መካከል የቆዳና የእንቅርት ዕጢ ካንሰር የያዛቸው ተገኙ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. እንደ ቴትራሳይክሊን ያሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች መጡ። ብዙ ሰው ረዱ፤ ለወራትና ለዓመታት ያለ ገደብ ሲወሰዱ ደግሞ ባክቴሪያው ለመዳቸው። በ1971 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የፈቀደችው ትሬቲኖይን የተባለው ቅባት ከአልበርት ክሊግማን ስም ጋር የተያያዘ ነው። ይኸው ሐኪም በፊላደልፊያ ሆልምስበርግ እስር ቤት በታራሚዎች ላይ ለዓመታት ባካሄዳቸው የቆዳ ሙከራዎች ክፉኛ ተወቅሷል።

ታሪኩ ከነፋስ ስልክም ሩቅ አይደለም። አጎራባች በሆነው የዘነበወርቅ ሰፈር ያለው አለርት በ1958 ዓ.ም የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነበር። የዚያን ጊዜው ዋና የሥጋ ደዌ መድኃኒት ዳፕሶን ይባላል። ይኸው ክኒን በውጭ አገር ሌላው ሁሉ እምቢ ላለው ከባድ ብጉርም ይሰጥ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሚቀባው ዳፕሶን በአሜሪካ ለብጉር ተፈቀደ። አለርትም ዛሬ ብዙ ዓይነት የቆዳ በሽተኛ የሚታይበት ሆስፒታል ሆኗል። የሰፈሩ ስም ከሥጋ ደዌ ጋር ስለተያያዘ ብቻ ለብጉር ወደዚያ መሄድ የሚያሳፍረው ሰው ግን ዛሬም አይጠፋም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። አይሶትሬቲኖይን ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ የሆነ ክኒን ነው። የወዝ ዕጢዎችን ያኮማትራል፤ ከጥቂት ወራት ሕክምና በኋላ ብዙዎች ለረጅም ጊዜ ይድናሉ። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ሴት ከወሰደችው በፅንሱ ላይ ከባድ የአካል ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ የእርግዝናና የደም ምርመራ፣ እርግዝና መከላከያና የሐኪም ክትትል የግድ ነው። አሜሪካ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልዩ መዝገብ ካልተመዘገቡ በቀር መድኃኒቱ እንዳይሰጥ ያደረገችው ለዚህ ነው።

ወደዚያች ተማሪ እንመለስ። በጠይም ቆዳ ላይ ብጉር ሲድን ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል፤ ልጅቷን ከብጉሩ ይልቅ የሚያስጨንቃት እሱ ነው። ስለዚህ የሚያቀላ ክሬም ትፈልጋለች። እንዲህ ባሉ ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ይገኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ቅላቱ ይጠፋል፣ ፊቱ ያበራል፤ ጓደኞቿም «ምን ተቀባሽ?» ይሏታል። ወራት ሲቆጠሩ ቆዳው ይሳሳል፣ ስቴሮይዱ ራሱ አዲስ ብጉር ያወጣል። ስትተወው ይባስ ይነሣል፤ ስለዚህ ተመልሳ ትገዛለች።

የሦስት ትውልድ ታሪክ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው። ያላስከፈለ ብርቱ መድኃኒት የለም፤ ዋጋው የቀነሰው በሽተኛውን የሚከታተል ሰው ባለበት ብቻ ነው። አያት «ያልፋል» ስትል ቢያንስ ልጅቱን በየቀኑ ታያት ነበር። የዛሬው ሻጭ ነገ አያያትም።

የሐኪም ማዘዣ የሚያስፈልገው መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ሕጉ አለ፤ የሚቀረው ሱቅ ድረስ ወርዶ ማስከበር ነው። ቤተሰብም ከባድ ብጉርን እንደ ቅንጦት ጥያቄ ማየቱን ይተው። የሚያም፣ መግል የሚቋጥር፣ ጠባሳ የሚተው ብጉር የሐኪም ጉዳይ ነው። ብጉሩ ቢያልፍም ጠባሳው አያልፍም።