«ጽዳት» ሲያንስ

በአሜሪካ ግድያ፣ ራስን ማጥፋት ወይም ሳይታወቅ የቆየ ሞት የደረሰበትን ቤት የሚያስተካክሉ ድርጅቶች አሉ፤ ሥራቸውን «ጽዳት» ብንለው እናሳንሰዋለን። ጽዳት ስንል ዓይን የሚያየውን እድፍ ማስወገዳችን ነው፤ እዚህ ዋናው ባላጋራ አይታይም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ ሳይቀር፣ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። የአገሪቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ደንብ አሠሪዎች በሥራቸው ደም ለሚያጋጥማቸው ሠራተኞች መከላከያ ልብስ፣ ሥልጠናና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገደደው ያለ ነገር አይደለም።

«በረኪና እያለ ባለሙያ ለምን?» የሚል ይኖራል። ሴራሚክ ላይ ለፈሰሰ ጥቂት ደም እውነት አለው። ብዙ ደም ሲሆን ግን በረኪናው ራሱ ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ደሙ ተጠርጎ ይታጠባል፣ ከዚያ መድኃኒቱ ይፈስና እስኪሠራ ይጠበቃል። ደም የመጠጠ ምንጣፍ፣ ፍራሽና ጣውላ ደግሞ ተቆርጦ ይወገዳል፤ ማፍረስን ጽዳት ማለት ይከብዳል። «ማምከን»ም አይሆንም፤ እሱ ተሕዋስያንን አንድም ሳያስቀሩ መግደል ነው፣ ለቀዶ ሕክምና መሣሪያ እንጂ ለሳሎን አይደለም። ቤተ ክህነት ቤተ ክህነት ቢሸትም «ከብክለት ማንጻት» ይሻላል። ስያሜው ሰው ያስፈራል ይባል ይሆናል፤ አብዛኛው ደም ተላላፊ በሽታ የለበትምና። ግን የትኛው እንዳለበት በማየት አይለይም፤ ደንቡም የማንም ሰው ደም በሽታ እንዳለበት ተቆጥሮ እንዲያዝ የሚያዘው ለዚህ ነው።