ውጅግራ

«ውጅግራ» በፉከራና በቀረርቶ የኖረ የጠመንጃ ስም ነው። መነሻው የፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው፤ «ፉዚ» ጠመንጃ ማለት ሲሆን፣ ግራ ደግሞ መሣሪያውን የነደፈው መኮንን ስም ነው።

በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ጠመንጃ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። መቀርቀሪያው ይሳባል፤ አንድ ጥይት ይጎርሳል፤ ሲተኮስ ጥቁሩ ባሩድ ይጨሳል።

ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ወደ 8 ሚሊ ሜትሩ «ለበል» ጠመንጃ ስትዞር፣ አሮጌው ግራ በቀይ ባሕር ንግድ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። ዓድዋም ላይ ተተኩሷል።

አቅሙን አይቶ ለሚገዛ አዳኝ ጥይቱም ወጪ ነበር። ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ስለነበር፣ ዱር ውስጥ የሳተ ተኩስ ከኪስ እንደወጣ ገንዘብ ይቆጠር ነበር።

ስሙ እንደ ውጅግራ ከአማርኛ የተላመደ ሌላም ጠመንጃ አለ፤ በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የታጠቀው «ስናይደር» በአማርኛ «ሰናድር» ተብሏል።