አራት ጎማ፣ አንድ ማዞሪያ

ባለፈው ክረምት የአጎቴ ልጅ አዲሷን መኪናውን ሊያሳየኝ ከሰንዳፋ ወዲያ ወዳለ የገጠር መንገድ ይዞኝ ወጣ። የመኪናዋን ስም አልጠራም። ውድ መሆኗን ግን የወንበሯ ቆዳ ጠረን ብቻ ይናገራል። ከካምቢዮው አጠገብ አንዲት ክብ ማዞሪያ አለች፤ ዙሪያዋን ሳር፣ ጭቃ፣ ቁልቋልና ድንጋይ ተስሎባታል። «ይቺ ካለችሽ መንገድ የሚባል ነገር አያስፈልግሽም» አለኝ። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ መረሬው ውስጥ ተተከልን።

ከኋላችን የመጡ አንድ ጎልማሳ የአይሱዙ ሹፌር ወርደው አንገታቸውን በመስኮት አስገቡና ማዞሪያዋን አይተው ሳቁ። ምልክቷ ድንጋዩ ላይ ቆማለች። «ልጄ፣ አንተ ጭቃ ውስጥ ነህ፤ መኪናህ ግን ድንጋይ ላይ ያለች መስሏታል» አሉት።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከከነከነኝ አይለቀኝም። ይህቺ ማዞሪያ ከየት መጣች?

ታሪኩ የሚጀምረው ከእርሻ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው) የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ፣ አንግልሲ ደሴት በሚገኘው እርሻው ከጦርነቱ የተረፈች የአሜሪካ ጂፕ ይነዳ ነበር። ጂፗ ስታረጅ በምን ይተካት? ከኩባንያው ኃላፊ ከወንድሙ ከስፔንሰር ጋር ተማከረ፤ የአዲሷን መኪና ንድፍም ባሕር ዳርቻ ወርዶ አሸዋ ላይ በእንጨት ጫረው ይባላል። ጊዜው ብረት በራሽን የሚታደልበት ስለነበር የመኪናዋ አካል ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። አረንጓዴ ቀለሙ እንኳ ከጦር አውሮፕላን የተረፈ ነው። ሚያዝያ 30 ቀን 1948 ላንድሮቨር በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ላይ ቀረበች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በወጡት ላንድሮቨሮች ውስጥ ማዞሪያ የለም። ሹፌሩ አጠገብ ራሱ ቢጫ የሆነ ዘንግ አለ፤ ሲጫኑት የፊት ጎማዎቹም መጎተት ይጀምራሉ። ሌላው ቀይ ራስ ያለው ነው፤ እሱ ከባዱን ማርሽ ያስገባል። ሥዕልም ማብራሪያም አልነበረም። መሬቱን አይቶ መወሰን የሹፌሩ ፋንታ ነው።

ትንሽ መካኒክነት ታገሱኝ። መኪና ስትታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱን ሳያጣላ የሚያዞራቸው ዲፈረንሻል የሚባለው የጥርስ ስብስብ ነው። ዲፈረንሻል ግን ልፋት አይወድም፤ አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ቀሎት ከተሽከረከረ ዙሩን ሁሉ ለሱ ይለቅለታል፤ ደረቅ መሬት የረገጠው ባልደረባው ቆሞ ያያል። መቆለፍ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። የመሀሉን ዲፈረንሻል ቆልፋችሁ ደረቅ አስፋልት ላይ ከታጠፋችሁ ደግሞ ጎማው መንሸራተት ስለማይችል ጭንቀቱ ሁሉ ጥርሱና ዘንጉ ላይ ያርፋል። ጋራዥ ሄዳችሁ ትከፍላላችሁ።

በ1970 የዊልክስ ወንድማማቾች የእህት ልጅ የሆነው መሐንዲስ ስፔን ኪንግ ሬንጅ ሮቨርን ይዞ መጣ። በባሌስትራ ፈንታ ሞላ፣ 3.5 ሊትር ቪ8 ሞተር፣ ሁልጊዜም በአራቱም ጎማ የሚጎትት ሥርዓት፣ መሀል ላይ ደግሞ የሚቆለፍ ዲፈረንሻል። «ቅንጦት» የሚለውን ቃል ለማምጣት አትቸኩሉ! ወንበሯ ፕላስቲክ፣ ወለሏ ጎማ ነበር። ገበሬው በጎች ጭኖ ሲመለስ በውኃ ጎማ እንዲያጥባት ታስባ የተሠራች ናት።

ከሁሉ ደስ ያለኝ ምዕራፍ ቀጥሎ ያለው ነው። በ1968 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ አባይን በጀልባ የወረደውን ቡድን የመራው እንግሊዛዊው መኮንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል፣ በ1971 መጨረሻ ሁለት ሬንጅ ሮቨሮች ከአላስካ ተነሥተው እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ በሄዱበት ጉዞ ከባዱን ክፍል መርቷል። በፓናማና በኮሎምቢያ መካከል ያለው ዳሪየን መንገድ የለውም፤ ጫካና አረንቋ ነው። እሱን ለማለፍ መቶ ቀን ገደማ ፈጀባቸው። የተገጠመላቸው ግዙፍ የአረንቋ ጎማ ለዲፈረንሻሉ ከብዶት ጥርሱ ይሰባበር ጀመር፤ መለዋወጫ መጠበቅ ግድ ሆነ። ከፊት መንገድ እንድትጠርግ የገዟት ደግሞ ምን ብትሆን ጥሩ ነው? ያገለገለች አሮጌ ላንድሮቨር!

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ያልፋል። 1981 ላይ አራት በር መጣ፤ ቀጥሎ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ቆዳ ወንበር፣ በአየር ከፍና ዝቅ የሚል አካል። መኪናዋ ከበረት ወደ ሆቴል ደጃፍ ተዛወረች። አዲሱ ገዢ ስለ ቢጫና ቀይ ዘንግ መማር አይፈልግም፤ ስለዚህ ዕውቀቱ ወደ ኮምፒውተር ገባ። በ2004 ዲስከቨሪ 3 ማዞሪያዋን ይዛ ወጣች። ሳርና በረዶ ላይ ስታደርጓት ነዳጁ ይለሰልሳል። አሸዋ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ ፍጥነት ከጠፋ ስለሚሰምጥ ሞተሩ ቶሎ ይታዘዛል። ጭቃ ላይ አካሉ ከፍ ይላል፣ ጎማውም ትንሽ እንዲሽከረከር ይፈቀድለታል። ድንጋይ ላይ ሁሉም ነገር በከባዱ ማርሽ እንደ ኤሊ ቀስ ይላል። ከ2012 ወዲህ በወጡት ሬንጅ ሮቨሮች ደግሞ መኪናዋ ራሷ መሬቱን ገምታ የምትመርጥበት ሥርዓት ተጨመረ።

ስፔን ኪንግ በዚህ ሁሉ ብዙም አልተደሰተም። የፈጠራት መኪና የደረጃ ማሳያ እንድትሆን አስቦ እንዳልሠራት፣ በከተማ ልጆችን ትምህርት ቤት ለማድረስ መንዳቷም እንደማይዋጥለት በ2004 በአደባባይ ተናግሯል። ያረፈው በ2010፣ ብስክሌት ሲነዳ ከመኪና ጋር ተጋጭቶ ነው። እሱን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ።

ወደ ሰንዳፋችን ልመለስ። የአጎቴ ልጅ አፍሮ ማዞሪያዋን ወደ ጭቃው አዞረ። አካሏ ከፍ አለ፣ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም አሉ፣ ጎማዎቹ ትንሽ ቆፈሩና ቆሙ። የአስፋልት ጎማ ናቸው፤ ጥርሳቸው በመረሬ ተሞልቶ እንደ ሸክላ ልሟል። ማዞሪያዋ ጎማ አትቀይርም። የአይሱዙው ሹፌር ገመድ አምጥተው ጎትተው አወጡን።

«ጋሼ፣ ስንት ልስጥዎት?» አላቸው የአጎቴ ልጅ።

«ምንም አልፈልግ» አሉት ገመዳቸውን እየጠቀለሉ፣ ነጩን ጫማውን እያዩ። «በሱ ብር ቦቲ ግዛበት። በሚቀጥለው ቀድመህ ወርደህ መሬቱን ትረግጠዋለህ።»