ባንጊሜ

ባንጊሜ በመካከለኛው ማሊ፣ በባንዲያጋራ ገደላማ ምድር፣ በሰባት መንደሮች የሚነገር ቋንቋ ነው። ቡኑ ከእነዚህ መንደሮች አንዷ ናት። ተናጋሪዎቹ ባንጋንዴ ይባላሉ፤ ቁጥራቸው ከጥቂት ሺዎች አያልፍም።

ባንጋንዴዎች ራሳቸውን የሚቆጥሩት ከዶጎን ሕዝብ ነው፤ ቋንቋቸውም ለረጅም ጊዜ ከዶጎን ዘዬዎች አንዱ ተደርጎ ተወስዷል። ነገር ግን በቅርበት ሲጠና ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከጎረቤቶቹ የተዋሳቸው ቃላት ቢኖሩም፣ ከዶጎን ቋንቋዎችም ሆነ ከሌላ ከማንኛውም የታወቀ ቋንቋ ጋር ዝምድናው አልተረጋገጠም። የቋንቋ ሊቃውንት ዘመድ አልባ የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነው። በምዕራብ አፍሪካ እንዲህ ያለ ቋንቋ እጅግ ብርቅ በመሆኑ የባንጊሜ ዋጋ ከተናጋሪዎቹ ቁጥር ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም።

በባንጊሜ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም ይለያል፤ የግሱን ጊዜ ለማመልከትም ያገለግላል። ቃላቱ ቅጥያ አያበዙም። አማርኛ «አልነገሩንም» ብሎ አሉታውን፣ ነጋሪዎቹንና የሚነገራቸውን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ሲይዝ፣ ባንጊሜ እነዚህን በአብዛኛው ለየብቻቸው በቆሙ ቃላት ይገልጻል። አዲስ ቃል የሚፈጥረውም በተለይ ቃልን በመድገምና በማጣመር ነው።

የቋንቋ ሊቃውንቱ ጄፍሪ ሂዝና አቢ ሃንትጋን ስለ ባንጊሜ ያዘጋጁት ሰፊ የሰዋስው መጽሐፍ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማሊን ያናወጠው፣ በኋላም ወደ መካከለኛው የአገሪቱ ክፍል የተስፋፋው ግጭት የአካባቢውን ነዋሪዎች ኑሮ ክፉኛ ጎድቷል፤ በመስክ የሚደረገውን ጥናትም አዳጋች አድርጎታል።