የሕንድ ተራራ ሴቶች ለደን ያደረጉት ተጋድሎ
(በሬዲዮ የተነገረ)



የዛሬው ንግግራችን የፋብሪካ ሥራ በፍጥነት በተስፋፋባት በሕንድ አገር፤ የተራራ ሴቶች ደናቸውን ለማዳን ስላደረጉት ተጋድሎ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሂማላያ ተራሮች በሚገኘው በቻሞሊ አውራጃ፤ ወንዶቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ቈላው ከተሞች ሲወርዱ፤ እርሻውም፤ ከብቱም፤ ማገዶውም፤ ውሃውም በሴቶች ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ደን ሲመነጠር፤ ምንጩ መጕደሉን፤ ማገዶውም መራቁን አስቀድማ የምታውቀው ሴቲቱ ናት። በ1970 ዓ.ም. የአላክናንዳ ወንዝ ሞልቶ መንደሮችንና ድልድዮችን ጠርጎ በወሰደ ጊዜ፤ ያገሩ ሰዎች ጥፋቱ ከደኑ መመንጠር የመጣ መሆኑን ተረዱ።

በ1973 ዓ.ም. የማንዳል መንደር ሰዎች ለእርሻ መሣሪያ የሚሆን እንጨት ለመቍረጥ ቢጠይቁ ተከለከሉ፤ ያው ዐይነት ዛፍ ግን የስፖርት ዕቃ ለሚሠራ ኩባንያ ተፈቀደ። መንደርተኞቹም ዛፎቹን ዐቅፈን አናስቈርጥም ብለው ተነሡ። እንቅስቃሴው «ቺፕኮ» ተባለ፤ ትርጓሜውም «ተጣበቅ» ማለት ነው።

ሴቶቹ ግንባር ቀደም ሆነው የታዩት በማርች 26 ቀን 1974 ዓ.ም. በሬኒ መንደር ነው። ወንዶቹ ለተወሰደባቸው መሬት ካሣ ሊቀበሉ ወደ ቻሞሊ በሄዱበት ቀን ዛፍ ቈራጮች ወደ ጫካው ወጡ። የመንደሩ የሴቶች ማኅበር መሪ ወይዘሮ ጋውራ ዴቪ፤ ገና በወጣትነታቸው ባላቸው የሞተባቸውና ትምህርት ቤት ያልገቡ ሴት ነበሩ። እርሳቸውም 27 ያህል ሴቶችንና ልጃገረዶችን አስከትለው ሄደው፤ ዛቻና ስድብ ሳይበግራቸው ጫካውን ጠብቀው፤ ቈራጮቹን ባዶ እጃቸውን መለሱ። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው አጥኚ ኮሚቴ የሴቶቹን አቤቱታ ደገፈ። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ በጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ ትእዛዝ፤ በኡታር ፕራዴሽ ሂማላያ ዛፍ ለ15 ዓመት ለንግድ እንዳይቈረጥ ተከለከለ።

በዚያው በ1980 ዓ.ም. በዱንግሪ ፓይንቶሊ የሆነው ግን ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። የመንደሩ ሸንጎ ወንዶች፤ መንገድ፤ ትምህርት ቤት፤ ሐኪም ቤትና መብራት ይገባላችኋል ተብለው ደኑ የድንች ዘር እርሻ እንዲሆን ተስማሙ። ወንዶቹ የተመኙት ነገር ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ደኑ ቢጠፋ ለማገዶና ለሣር ሩቅ መንገድ የሚሄዱት ሴቶች አልተጠየቁም ነበር። ሴቶቹም ባሎቻቸውንና ሹማምንቱን ተቃውመው ደኑን አዳኑ፤ ቀጥለውም እኛ የሸንጎው አባል የማንሆነው ስለ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ።

እነዚያ ሴቶች የተከራከሩት ስለ ውሃና ስለ አፈር ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ግን የቆመ ደን ምድርን የሚያሞቀውን የካርቦን ጋዝ ስቦ ያከማቻል። ሕንድም ዛሬ ይህን ጋዝ በብዛት ወደ አየር በመልቀቅ ከቻይናና ከአሜሪካ ቀጥላ ሦስተኛ ናት። የድንጋይ ከሰሉን ጢስ ሁሉ ደን ብቻውን አይችለውም። የተራራው ኑሮም ከአደጋ አልዳነም፤ በፌብሩዋሪ 2021 ዓ.ም. በሬኒ አቅራቢያ ከተራራ የተናደ አለትና በረዶ ጐርፍ ሆኖ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ ወይም የገቡበት ጠፋ።

እንግዲህ ስለ ደንም ሆነ ስለ ውሃ ውሳኔ በሚሰጥበት ጊዜ፤ ባለ ሥልጣኑ ወረቀቱን ከመፈረሙ በፊት፤ ማገዶውንና ውሃውን የሚሸከመው ማን እንደ ሆነ ጠይቆ፤ ያችን ሴት ከሸንጎው ያስቀምጣት ዘንድ ይገባዋል።